የሹም ወረቀት

ፒያሳ ዳገት ላይ፣ ጉም ከጦሳ ሲወርድ፣
አያቴ ይጽፋል ለጣልያን ሹም ሰነድ፦
ስንት ሲሚንቶ ሄደ፣ ስንቱ በቅሎ ሞተ፣
ለሐረጎ መንገድ ስንት ሰው ተጎተተ።
ማታ ግን በፋኖስ፣ በሌላ ደብተሩ፣
የሞተ ሰው ሙግት፣ የፈረሰ አጥሩ።
ስለ ዛሬማ ዝም።

ሆጤ፣ ከስንት ዓመት በኋላ። ጠመኔዬ ረጥቧል።
«የግሪክ ጸሐፊ በሮም ጥላ ሆኖ
ጌቶቹን ሳይነካ፣ ሙታኑን አግንኖ
እንዴት ጻፈ?» ብዬ ስጠይቅ፣ ክፍሉ ዝም።
«ፈርቶ ነዋ!» አለች ከወደ ዳር ዘምዘም።

እኔም እስከ ትናንት እንደሷ አስብ ነበር።

ደብተሩን ገለጥኩት፤ የጥንት ዳኛ ፈርዷል፦
«አጥር ገፊ ይውጣ፣ ባለቤት ይገባል።»
ወረቀቱ የሹም።
ቀለሙም።