ሰባት ሳህን

በሌዝብሪጅ ከተማ፣ ከረዥሙ ድልድይ ግርጌ፣
በረዶ ስጠርግ አድሬ፣ ገባሁ ሾርባ ፈልጌ።
ሽማግሌው ሙሮንግ ቦዌን፣ ሽርጡን ገና ሳይፈታ
ሰባት ሳህን ደረደረ፣ ጠረጴዛዬ ላይ በተርታ።

«የስሜ ባለቤቶች ናቸው፤ ምዕራብ ያን ነው አገሩ፤
ዐሥር ዓመት ብቻ ቆመ፣ ከልደቱ እስከ መቃብሩ።
ያውም ሰባት ንጉሥ በልቶ!»
«በልቶ?» አልኩት።
«አዎን፣ በልቶ፤
አምስቱን ባንዲት ዓመት ውስጥ፣ ዘውዱ ሳይሞቅ ሌላ ራስ ሽቶ።»

አንደኛውን ገለበጠው። «መሥራቹ። ቁጣው በዛና
መካሪዎቹ መከሩበት፣ ዓመት ሳይሞላው ገና።»

ሁለተኛውን አልነካም። ጣቱ ከጠርዙ ላይ ቆየ፤
ሌሊት የከመርኩትን በረዶ፣ ሞቃቱ ነፋስ ሲያቀልጥ አየ።
«ይሄ ደግ አልነበረም። ከተማ አስርቦ ገባ፣
ዘረፈ፣ አቃጠለ። ከወገኑ ማንም ለዚያ አላነባ።
ሕዝቡ ግን፦ ‹እንግዲህ እንሂድ፣ ምሥራቅ ነው የኛ ቤት› ሲለው፣
መሬቱን ወደደውና፣ ለከርሞ ብሎ አሳረሰው፤
ቤት ሠራ። እህል ዘራ።
በዘራው ነው የገደሉት።
‹የሚዘራ ሰው አይሄድም› ብለው ነው የጠረጠሩት።»

ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤ ባንድ ትንፋሽ ገለበጠ፤
ከስማቸው ይልቅ ድምፁ፣ የሸክላው ድምፅ በለጠ።
ባቡር በድልድዩ ሲያልፍ፣ የተደፉት ሸክላዎች
ተንቀጫቀጩ፣ ብርድ እንደ ያዛቸው አምስት ሽማግሌዎች።

«አርባ እልፍ ሰው ተነሣ፤ ከነልጁ፣ ከነድስቱ።»
«ቤት ደረሰ?»
«አልደረሰም። መንገድ ቀረ ከነምኞቱ።
ሰባተኛው ደክሞት ቆመ፤ የቆመበት አገር ሆነ።
ኋላ መጥቶ ያጠፋውስ? የገዛ ዘመዱ ጨከነ፤
ያ ሲናፍቁት የኖሩት ቤት፣ ጦር ይዞ መጣ ወደነሱ።»

ስልኩ ጮኸ። ልጁ ናት፤ ከቫንኩቨር። ዝም አለ እሱ።
«ሱቁን ዝጋና ና» ስትለው፣ ሦስተኛ ክረምቷ ሊሞላ።
በሁለተኛው ሳህን ላይ፣ ሩዝ ጨመረልኝ፤ «ብላ!»

«ስምንተኛው አንተ ነህ?» አልኩት ልቀልድ። ሽርጡን አሳየኝ፤
«ካባዬ ይኸውልህ፤ ግዛቴም ከምድጃ እስከ በር» አለኝ።

ሒሳብ ከፍዬ ስወጣ፣ እስከ ደጅ ተከተለኝ፤
መኪናዬን ከፊት ከኋላ አየና፣ በለሆሳስ አለኝ፦
«በጓሮ በኩል ስታልፍ፣ ማረሻህን ከፍ አድርጋት።
ነጭ ሽንኩርት አለች እዚያ። በጥቅምት ነው የዘራኋት።

ለማንም አትንገር።»