የምላጭ ሚዛን

ሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮ ተራ በስተጀርባ በኩል፣
የጋሽ ነዚፍ ሱቅ ከጸጉር ቤት ጋራ ግድግዳ ተካፍሎ ይገኛል።
ከወዲያ ምላጭ ፂም ይላጫል፣
ከወዲህ ምላጭ ይፈታል።
አንድ ስም ለሁለት፤
ሁለቱም ለጥፋት
የጸጉር ስፋት ይበቃቸዋል።

እኔ ያኔ ገና ብሎን ለቃሚ ነኝ፣
"ካቻቢቴ" ሲለኝ ቃሉ ሳያልቅ የምገኝ።

አባ ኦሊ መጣ፣ ከሰቃ፣ በሐምሌ፣ ጫማው በጭቃ ከብዶ፤
"በቆሎዬን ከርከሮ ጨረሰው" አለ፣ "ሌሊት ሌሊት ወርዶ።
የዚህ ደግሞ ምላጩ ድንጋይ ነው፤ እስክስበው ይነጋል፣
ስጎትተው አፈሙዙ ይዞርና ጉቶ ይወጋል።
አቅልልልኝ፤ እንደ ቅቤ ይሁን፣
ሳስበው ይተኩስ፣ ሳልነካው እንኳን።"

ጋሽ ነዚፍ መልስ አልሰጠም።
አፈሙዙን ወደ ጓሮው፣ ወደ አፈሩ ቁልል አዞረ፣
መቀርቀሪያውን ስቦ፣ ካዝናውን አራግፎ፣ ጥይቱን ቆጠረ፤
አራት።
"ጉሮሮውን እይ።" አየሁ። "ባዶ ነው" አልኩት።
"ዓይን ይዋሻል፤ ጣትህን ክተት።"
ትንሿ ጣቴ ገባች፤ ብረቱ በረዶ ነው፣ ዘይት ዘይት ይላል፤
"ባዶ ነው ጋሼ።"
"እንግዲህ አሁን ይታመናል።"
ጥይቶቹን በጣሳ አድርጎ ለጸጉር ቆራጩ ለታጁ ሰጠ፣
"እስክጨርስ አንተ ጋ ይዋል" አለው፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሚዛን አወጣ፤ ባለመንጠቆ፣ የቡና ሰብሳቢዎች ዓይነት፣
መርፌው የሚንቀጠቀጥ፣ ፊቱ የዛገበት።
ምላጩ ላይ ሰክቶ በዝግታ ሳበ፣
ቀጭ እስኪል ድረስ ቁጥሩን አነበበ።
ሁለት ኪሎ ተኩል።
ደገመ። ሦስት ሊሞላ።
ደገመ። ሁለት ከሩብ።
"አየህ" አለኝ፣ "በሽታው ክብደት አይደለም፤
ይሄ ብረት ቃሉን አይጠብቅም።"

ሰደፉን ፈታ። ከሞላው ሥር፣ ከጥርሱ ጋር ተጣብቆ፣
የስንት ክረምት ቅባት ከቡና ገለባ ብናኝ ጋር ጠቁሮ፣ ደርቆ።
በናፍታ አጠበው፤ በጥርስ ብሩሽ ፈተገው፤
ሚዛኑን ሦስቴ ሳበ፣ ሦስቴም ቁጥሩ ያው ነው፤
ሁለት።

አባ ኦሊ ግን "ብሎኗን" አለ፣
"ብሎኗን አላላት፤ እኔ ለእሷ ነው የመጣሁት።"
ጋሽ ነዚፍ አላላት።
ሩብ ዙር። ሌላ ሩብ። የአንዲት ትንፋሽ ያህል ቀራት።
ሰደፉን ገጠመ። ጣቴ እንደገና ገባች፤ ባዶ።
ባዶውን አቀባብሎ፣ ምላጩን ማንም ሳይነካ፣
ሰደፉን ከጎማ ቁራጭ ላይ አንዴ መታ፤
ቀጭ።

ከጓሮ የሚሰማው ዝናብ ብቻ።

"ሌሊት ቆርቆሮ እየመታች ከርከሮ የምታባርረው
ልጅህ፣ ሸምሲያ፣ የት ነው የምትቆመው?"
"ማማው ሥር" አለ አባ ኦሊ፣ "ከፊቴ፣ ትንሽ ወደ ግራ..."
ቀሪውን አልጨረሰም። እጁ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ ፈለገ፣
ኮፍያው ጭንቅላቱ ላይ ነበረ።

ብሎኗ ተመለሰች፣ ወደ ጥንት ቦታዋ።
እኔ ሱቅ ተላክሁ፣ ቀይ የጥፍር ቀለም፤
"ለማን ነው?" ብትለኝ ባለሱቋ፣
ለጠመንጃ ለማለት አንደበቴ አልደፈረም።
እንዳትዞር አንዲት ጠብታ በብሎኗ ራስ ላይ ደረቀች።
ሰደፉን ደግሞ መታ። አንዴ። ሦስቴ። ጎኑንም በጎማ መዶሻ።
ዝም።

"ስንት ልክፈል?"
"ለማጠቢያው አርባ ብር። እንቢ ያልኩበት አይከፈልም።"

ታጁ ጣሳውን መለሰ፤ በመዳፉ ላይ አንድ በአንድ ቆጠረ፣
አራት። አንዷ ላይ ግን የሰው ጸጉር ተጣብቆ ነበረ፤
አባ ኦሊ በጥፍሩ አነሳው፣ ወደ ብርሃኑ ይዞ አየው፣
ከዚያ እፍ አለው።