ላም አለኝ በባሕር

ኩሪኮ ከተማ፣ ፍሬ ላኪ ድርጅት፣ ደመወዝ ጻፊ ነኝ፤
ሃያ ሁለት ዓመት፣ የሰው ልክ በጄ አልፎ፣ አንድ ቃል ያልወጣኝ።
መስኮቴ ጠባብ ናት፣ ከፊቷ ሰልፍ አለ፣ ከኋላዋ እኔ፤
ያቺን ሴት ልንገርህ፣ ሮሳልባ ኢቱራን፣ እንዳየኋት በዓይኔ።

ሥራዋ ምንድን ነው? ለሚጠይቅ ሁሉ፣
«የማይደርስን ነገር፣ ማድረስ ነው» ትላለች፣ ስልኳን ሳትዘጋ።
ሣጥኑ ከአንዱ ዘንድ፣ ክዳኑ ከሌላ፣ በረዶው ከሌላ፣
መኪናው ከታልካ፣ መርከቡ ከሩቅ፣ ቀጠሮው ቻይና።
ከእነዚህ አንዱ ክር፣ ሌሊት ቢበጠስ፣
አልጋዋ ላይ ሆና፣ በጥርሷ ቋጥራ ነው፣ ሲነጋ እምትደርስ።

ደመወዟን አውቃለሁ፤
ሦስት ሚሊዮን ፔሶ፣ ከጥቂት ፍርፋሪ።
የሃሲንቶንም አውቃለሁ፤
ያው ሥራ፣ ያው ማዕረግ፣ ሳንቲያጎ ነዋሪ፤
አራት ሚሊዮን ከዘጠኝ መቶ ሺህ።

ልዩነቱ ከምን መጣ ብትለኝ፣ ቅጹ ይናገራል።
የዋና ከተማ ኑሮ፣ ይጨመራል፤
ከውድ ትምህርት ቤት የወጣ ወረቀት፣ ይጨመራል፤
እንግሊዝኛ ቢያውቅ፣ እሱም ይጨመራል።
ሮሳልባ ቻይንኛ፣ በሌሊት ተምራ፣
ከጓንግዦው ደላላ፣ ስትከራከርበት፣
በጆሮዬ ሰማሁ፤ ቅጹ ግን ለዚያ ሣጥን የለበት።

ሌላም አለ። ሃሲንቶ ሲቀጠር፣ ጠየቀ።
እርሷ ስትቀጠር፣ «ለጊዜው ይበቃል» አለች።
ያ «ለጊዜው» አሥራ አንድ ዓመት ሞላው፤
በየዓመቱ ከመቶ አራት ይጨመራል፣
ከትንሽ ላይ አራት፣ ትንሽ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ጉርሻ የሚሉት አለ።
ቼሪው ከቻይና አዲስ ዓመት በፊት ወደብ ከረገጠ፣
የሦስት ወር ደመወዝ፤
ከዘገየ፣ ባዶ።
ላም አለኝ በባሕር፤
ወተቷ ቀይ ነው፣
በማቀዝቀዣ ሣጥን፣ በጨው ላይ ትሄዳለች።

በዚያ ዓመት መርከቡ፣ ከመንገዱ እኩሌታ፣ ሞተሩ ዝም አለ።
ስልኳ ካርታ ላይ ያለችው ቀስት፣ አልንቀሳቀስ አለች።
ስድስት ቀን።
ሮሳልባ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ፣ ስትደውል ዋለች፣ ስትደውል አደረች፤
ባሕር ግን የሥራ ልምድ አይጠይቅም።
ፍሬው ሲደርስ በዓሉ አልፏል፣ ፋኖሱ ወርዷል፤
በጣት ሲነኩት ይሰረጉድ ነበር።
ዋጋው ወደቀ፤ ከዋጋው ጋር የእርሷም።
በሃሲንቶ ቅጽ ላይ ጉርሻው እንደቆመ ነው፤
እርሱ የሚልከው የወይን ጠጅ ነበር፤
ጠጅ አይቸኩልም።

በወሩ መጨረሻ መስኮቴ ጋ መጣች።
«ኦስቫልዶ» አለች፣ «የእርሱ ስንት ነው?»
ዝም አልኩ። ዝምታም ይከፈልበታል፤
ከሁሉ ያነሰው ደመወዝ እሱ ነው።
ማተሚያው ግን አሮጌ ነው፤ አንዳንዴ ሁለት ቅጂ ያወጣል።
ያን ቀን ሁለት አወጣ።
አንዱን አነሣሁ፤
ሁለተኛው አልታየኝም እንበል፣
ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ዓይን ይደክማል።

በኤፕሪል፣ ራንካጓ ያለ ድርጅት ጠራት።
«በፊት ስንት ነበር የሚከፍሉሽ?» አሏት፤
ይቺ ጥያቄ ናት፣ የነገውን ሰው በትናንት ችካል የምታስረው።
«አራት ሚሊዮን ከዘጠኝ መቶ ሺህ»
አለች፣ ሳታንገራግር።
ስትነግረኝ ትስቅ ነበር።
«ውሸት አይደለም እንዴ?» አልኳት።
«የሥራው ዋጋ ነው» አለች፣ «የሰውዬው መቼ ሆነና።»

ወንበሯ ሁለት ወር ባዶውን ከረመ።
ማስታወቂያ ወጣ፤ በሦስት ሚሊዮን ማን ይምጣ?
ትናንት ያጸደቁትን፣ የአዲሱን ልጅ ቅጽ፣ እኔው ሞላሁት።
አምስት ሚሊዮን።
ቻይንኛ አያውቅም።