የከሰል ጉባኤ ቃና

አያ ጓዴ ከፋግታ ከሰሉን ጭኖ መጣ፣
«ስንት ማዳበሪያ?» አለኝ፤ «አንድ ጭብጥ» ስል ተቆጣ።
«ጭብጥ ከሰል እንኳን ወጥ፣ እጅም አያሞቅ» አለ፤
ዘግኖ ሰጠኝ ግን፤ ሳንቲምም አልተቀበለ።

ደብረ ማርቆስ፣ ከግቢው ጓሮ፣ በቆርቆሮዋ ክፍል፣
ወቅጠን፣ ነፍተን፣ በፖታሽ ለውሰን እስኪመስል
የቋያ ማግስት ጭቃ፣
ምድጃ ከተትነው፣ መብራት የመጣ ለት ሌሊቱን ስንነቃ።
ፖታሹ ከውስጥ በላው፤ ትሁን አይታ ሳቀች፦
«ግንድ መስሎ የቆመ ምስጥ የጨረሰው» አለች።
ጠጉር አርባ ሺህ ቢሰነጠቅ፣
አንዱ ስንጥር ነው ብቻ በዚያ በር የሚዘልቅ።

አንዲት ግራም ትቢያ ናት፤ ተጣጥፎ፣ ተጠቅልሎ፣
ግማሽ ጥማድ ገጽ አለባት። ማን ያምናል እውነት ብሎ?
እኔ የማቻክሉ ልጅ፣
ወንድሞቼ የአባቴን ማሳ በገመድ የለኩ፣
ለአንድ ክንድ ድንበር ብለው ፍርድ ቤት የተንበረከኩ፣
ያን ቀን ግማሹን ጥማድ
በጥፍሬ ጫፍ ይዤ፣ ብቻዬን ዝም አልሁ።
የክሱን ወረቀት ግን እስከ ዛሬ አልጣልሁ።

የኔታ ልሳነ ወርቅ ጆሯቸው ከራቀ ቆየ፤
ማዳመጫው አለ፤ ባትሪው ነው ከገበያ የተለየ።
ሽንብራ ታክላለች፤ እሷን ነው የምንሠራ።
በወረቀት ጻፍሁላቸው፦ «ከከሰል ናት፤ ብዙ ኃይል፣ በትንሽ ስፍራ።»
አነበቡ፤ ፈገግ አሉ። «ጉባኤ ቃና ናት በለኛ!
ሁለት ቤት። ሦስተኛ የሚለምን እሱ ነው ሰነፍ ቅኔኛ።»

ቅዳሜ፣ ከወይራው ሥር፣ ጆሯቸው ላይ ሰካናት።
የቢቸናው ቢረሳው ቅኔውን ጀመረ፣ ድምፁ ሳስቶ በፍርሃት።
እጃቸውን አነሡ፦
«ተው! ቤት ሰበርህ! መልሰው!»
ጉባኤው ክው አለ።
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በእጅ ምልክት ብቻ፣
ሲሰብር የኖረ ሁሉ ተያየ ከአቻ አቻ።

አሥራ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ጠፋች።
ትሁን ሰዓቷን አይታ በደብተሯ ጻፈች።
የኔታ ግን አፋቸው ገና ያርማል፤
ያልሰሙትን።

ሰኞ አያ ጓዴ፣ «ጭብጧ ምን ሆነች?» አለኝ።
«አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየች።»
«እኔ ጋ ብትነድ ከዚያ ትቆይ ነበር!» ብሎ ሳቀብኝ፤
ሳቀና፣ ጎንበስ ብሎ፣
በሁለት እጁ ዘገነልኝ።