በበሩ መቃን ላይ

በምሥራቅ ኬፕ ያለው የመኪና ወንበር ፋብሪካ፣
ከሰማን ሦስት ክረምት አለፈን የፈረቃውን ፊሽካ።
ምዙኪሲ ግን ዛሬም ይነቃል ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት፤
ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ ገላ ምን ያውቃል ስለ ስንብት?
ደብዳቤው ለእጁ ደረሰ እንጂ
ለእንቅልፉ የጻፈለት የለም።
ለሰው መቀመጫ ሲሰፋ የኖረ
ዛሬ ሥራው መቆም።

ከነዳጅ ማደያው ጥግ፣ ብሩሽና ካሱላ ታቅፎ፣
«ቀለም እቀባለሁ፣ ግንብ እሠራለሁ» ብሎ በካርቶን ጽፎ፣
ከእኛ ጋር ይቆማል።
ፒክአፕ ብቅ ሲል አርባችንም እንሮጣለን።
በመስኮቱ ሁለት ጣት ይወጣል።
ሠላሳ ስምንታችን እንመለሳለን፣
ፊት ለፊት ላለመተያየት
የጠፋ ነገር እንዳለ ሁሉ ኪሳችንን እየበረበርን።

ከማደያው ሱቅ ራዲዮኑ ይለፈልፋል፦
«ኢኮኖሚያችን በሩብ ዓመቱ ዜሮ ነጥብ ስድስት አድጓል፤
ወለድ ግን ለጊዜው ባለበት ይቆያል።»
ወለድ አሉን፤ አራሷን የጠየቀ ማነው?
አደገ አሉን፤ ሲድህ ያየው ማነው?

ሐሙስ ማታ ከፕሪቶሪያ አንድ ባለሙያ መጣ፣
ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሕዝቡን ሊያወያይ።
ግድግዳው ላይ መስመር አበራልን፣
ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ የሚወጣ፣
ቀይ ነጥብ እየመራ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ።

እማማ ኖዚዝዌ ተነሡ፣ የፊታቸውን ወንበር ተደግፈው።
«ልጄ፣ ዐይኔ ደክሟል፤ መስመርህን አላየው።
ጆሮዬ ግን ደኅና ነው።
አደገ ያልከኝ የማን ልጅ ነው?
ያደገ ልጅ ይጦራል።
ያደገ ልጅ መሸት ሲል በር ያንኳኳል፣
ስኳር ባይዝ እንኳ «እማማ» ብሎ ይጣራል።
የእኛን ጡት ጠብቶ ሌላ ቤት ካደገ፣
ቤቱን አሳዩንና ሄደን እንየው፤
መልኩ እኛን ይመስል እንደሆን እንለየው።»

ሳቅ የጀመረ ነበር፣ መሐል ላይ ተወው።
የታሸገ ውኃ ሲከፈት ተሰማ።
«በመካከለኛው ዘመን ዕቅዳችን…» አለ ሰውዬው፣
ጠጣ፣ የቀረውን ግን እንጃ፣ አልሰማሁማ።
ሰብሳቢው «ጥያቄዎ ተመዝግቧል» አሉ።
መዝጋቢው ልጅ አጠገቤ ነበረ፤
እስክሪብቶው ነጥፎበት
ወረቀቱ ጥግ ላይ ክብ ክብ ይጭራል።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ልናገር።
ሲወጣ ጫማው ላይ የእኛ አቧራ ነበር፤
ጎንበስ ብሎ በመሐረብ ጠረገው፣
መሐረቡን አጠፈና ኪሱ ከተተው።

እኔ ምዙኪሲን ሸኘሁት እስከ ቤቱ።
በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ የተጫረ አለ፦
ሊዬማ አምስት ዓመት። ሊዬማ ስድስት። ሊዬማ ሰባት።
ፊሽካው ዝም ያለ ለት የተጫረችው፣ ስምንት።
ከእሷ በላይ ደግሞ ሦስት፣
እያንዳንዷ ከታችኛዋ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት ከፍ ያለች።
ማንም ያላቀደው፣
ማንም በራዲዮ ያላወራው ዕድገት።

ሊዬማ እያነከሰች መጣች፤ «ጫማዬ» አለች።
ምንም አልመለሰም።
ካሱላውን አስቀመጠ፣ ቢላዋ ሳለ፣
የጫማውን አፍንጫ በጥንቃቄ ከፈለ፣
ወንበር ሲሰፋ ቆዳ በሚቆርጥበት እጅ፣
ያለ ልክ፣ ያለ ምልክት፣ ቀጥ አድርጎ።

አውራ ጣቷ ብቅ አለች።
ወዲያ ወዲህ አንቀሳቀሰቻት።
«እንዴት ነው?» አላት።
«ደኅና ነው፤ እስከ ክረምት ይበቃኛል» አለች።

እኔ መቃኑን ማየት አልቻልኩም።
ደኅና እደሩ ብዬ ወጣሁ፤
እስከ ዐሥር ሰዓት የቀረኝ ትንሽ ነው።