ቀጭን አየር

ሰኔ ነው፤ ከዚራ። መብራት ከሄደ ቆይቷል፤
የጣሪያው ቬንትሌተር ሦስት ክንፉን ዘርግቶ
ሞተሩ እንደ ጠፋበት ከራሴ በላይ ቆሟል።
ላቤ ከአገጬ ወርዶ ገጽ አርባን አረጠበ፣
የግፊት መስመሩ ላይ የሌለ ደመና ከበበ።

እህቴ ነጅዋ፣ በስልኳ ብርሃን፣
ጥያቄ ታነባለች ቃል እየሰበረች፦
«አየር ሲሞቅ ምን ይሆናል?»
«ይሳሳል።»
«ሲሳሳስ?»
«ክንፍ የሚደገፈው ያጣል፤
ለመነሳት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል።»
ዝም አለች። ቆይታ፣
«እንደኛ?» አለች።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ምድር ባቡር ሠርቷል፤
መንገድ ማለት ለሱ ብረቱ የተጋደመ፣
ከጅቡቲ ተነስቶ ደጃችን የቆመ።
«ሰማይ ላይ ሐዲዱን ማን ዘረጋው?» ይላል።
ትናንት ግን ደረስኩበት፣ መነጽሩን አጥልቆ፣
ማስመሪያዬን ትቶ፣ በስንዝሩ፣ ተደብቆ፣
ከድሬ እስከ ጅግጅጋ ካርታዬን ሲለካ።
ቀና ብሎ አየኝና፣ «ቅርብ ነው ለካ!»

የጎን ንፋስ ስሌት አልገባ ሲለኝ
ደብተሬን ዘግቼ ደቻቱ ወረድኩኝ።
ጥቁር ፌስታል ከደረቁ አሸዋ ተነስቶ
አለፈኝ፣ ሆዱን በአቧራ ሞልቶ፤
አፍንጫው ለድልድዩ፣ ጉዞው ለሳቢያን ሆነ፤
ሦስት ቀን የከበደኝ ማዕዘን ባንድ ፌስታል ተመዘነ።

ፈተናው ዛሬ ነው። ሊነጋጋ ሲል
መብራት መጣ። ቬንትሌተሩ ተንቀጠቀጠ፣
ወረቀቴ ሁሉ ከጠረጴዛው ፈረጠጠ፤
ነጅዋ በእንቅልፍ ልቧ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣
«ተነሳ?» አለች።