የጸዳው ካሴት

ሁዳዴ ነበረ።
የመሐል ሜዳ ብርድ በር እየነቀነቀ፣
አያ ሸዋንግዛው ባናውን ደርቦ ጅማት አጠበቀ።
እኔ ቴፕ ደቀንኩ፤
ባትሪው እንዳይደክም በብብቴ አሙቄ፣
ሳል እንዳያመልጠኝ ትንፋሼን አምቄ።
(ሳሉስ እሱን ያዘው።)
የጭቃው ግድግዳ ጀርባዬን ነዘረኝ፣
ድምፁን ከጆሮዬ ጎድኔ ቀድሞ ነገረኝ።

ደብረ ብርሃን ወርጄ ለምንተስኖት ሰጠሁ፣
ስቱዲዮው ደጃፍ ላይ ሻይ አዝዤ ጠጣሁ።
እንደ ቅቤ አንጥሮ ሳሉን ገፈፈለት፣
ውሻውን፣ የበሩን ሲጥሲጥ አወጣለት፤
«ደግሞ ይሄ እዝዝታ የማሽን ሕመም ነው» ብሎ
የእንዝራውን ንዝረት ጣለው ከሥር ነቅሎ።

ቁልጭ ያለ ነገር፤ እንደ ታጠበ ብርጭቆ።
ወስጄ ለአያ አሰማሁት።
ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ ሲመረምር፣
«እጁስ መልካም ነበር፤ ማነው 'ሚደረድር?»

አሁን አያ የለም።
ያልጸዳውን ካሴት አልፎ አልፎ እከፍታለሁ፣
ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ጥዬ እጠብቃለሁ፤
ብሎኬት ነው፣ አይመልስም።
ሳሉ ሲደርስ ብቻ
ብርዱ እንዳይገባበት፣
ተነሥቼ በሩን ልዘጋ እላለሁ።